ተከፍሎበታል! ከልጆች ጋር ውጭ አገር ሄዶ ስለ ማረፍ የወጣ የገፈርሳ አዋጅ ቁጥር 1/2017

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በቡራዩ የምትኖር፣ በአሸዋ ሜዳ የምትነግድ፣ አስኮ ላይ ለታክሲ የምትጋፋ፣ የዕቁብ ዕጣህን ይዘህ «ዘንድሮስ ልጆቼን አውሮፕላን ላሳፍር» የምትል አባወራ ሁሉ ጆሮህን ስጠን! ነጋሪት ስለሌለን የጎረቤታችንን ቢጫ ጀሪካን እየደለቅን ነው። ጀሪካኑ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ከነጋሪት አይተናነስም።

መግቢያ

ገፈርሳ በአፋን ኦሮሞ ጎሽ ማለት ሲሆን፣ ጎሹ ከአካባቢው ከጠፋ ቢቆይም ግትርነቱ ለነዋሪው በውርስ የተላለፈ በመሆኑ፤

በ1930ዎቹ የተገደበውና የለገዳዲ ግድብ ገና ሳይታሰብ የአዲስ አበባን ጥም ሲቆርጥ የኖረው ግድብ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ተኝቶ ሳለ፣ እኛ ጎረቤቶቹ ውሃውን የምናየው ከአምቦ መንገድ ላይ በታክሲ መስኮት በመሆኑ፤

በግድቡ ላይ እንደ ልቧ የምትዋኘው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ብቻ ስትሆን፣ ልጆቻችን ዋና የሚያውቁት በስልክ በመሆኑ፤

ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዕቁባችን ብር በያዝነው ቁጥር እየቀለለ ሄዶ፣ «ዛሬ ያልሄድን መቼም አንሄድም» የሚል አቋም በእማወራዋ ዘንድ በመጽናቱ፤

እኛ የቤቱ አባወራ፣ በእማወራዋ በጎ ፈቃድ፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የተከፍሎበታል አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ኦል ኢንክሉሲቭ» ማለት አንድ ጊዜ ከፍለህ ከገባህ በኋላ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት፣ ለለስላሳና ለመዋኛ ፎጣ ማንም ሂሳብ የማይጠይቅህ፣ ስለዚህም ቀኑን ሙሉ አንተው ራስህን ስትተሳሰብ የምትውልበት ሆቴል ነው። እንጀራን፣ የጀበና ቡናን፣ ሴት አያትንና ጎረቤትን አያካትትም።

«አምባር» ማለት እጅ ላይ የሚታሰር፣ ያለ መቀስ የማይወልቅ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። ያሰረ ይበላል።

«ውጭ አገር» ማለት ሞምባሳ ነው። ዱባይ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ በነሐሴ ዱባይ መሄድ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው ተብሎ ውድቅ ተደርጓል። ኬንያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለመጣ ጎብኚ ቪዛ አትጠይቅም፤ ክርክሩን የዘጋው ይኸው ነው። «ባሕር ማዶ ሄዱ» እያላችሁ የምታወሩ ጎረቤቶችም ታረሙ። ባሕሩን አልተሻገርንም። ወዲህኛው ዳር ላይ ተቀምጠን አይተነው ነው የመጣነው።

«ዕረፍት» ማለት፦ (በእማወራዋ ትእዛዝ ተሰርዟል።)

አንቀጽ 3። ታሪካዊ መሠረት

ነገሩን ፈረንጅ ፈጠረው የሚል ይታረም። እርግጥ ዤራር ብሊትዝ የሚባል ቤልጅጋዊ በ1950 እ.ኤ.አ. በስፔን ማዮርካ ደሴት፣ አልኩዲያ ላይ ድንኳን ተክሎ ክለብ ሜድን ጀምሯል። ምግቡ በአንድ ክፍያ የተጠቃለለ ነበር፤ መጠጥ ደግሞ በኋላ በአንገት በሚንጠለጠል ዶቃ ይገዛ ጀመር። አጼ ምኒልክ ግን አዳራሻቸው ውስጥ ግብር ሲያበሉ ዶቃም አምባርም አላስፈለጋቸውም። መኳንንቱና ካህናቱ፣ ቀጥሎ ሠራዊቱ በየተራው እየገባ ብርንዶውን ቆርጦ፣ ጠጁን ጠጥቶ ይወጣል። በር ላይ የቆመው አጋፋሪ ማን መግባት እንዳለበት ከነማዕረጉ ያውቃል። ልዩነቱ፣ ግብር የበላ ሰው ዋጋውን በኋላ በዘመቻ ይከፍላል፤ እኛ አስቀድመን በዕቁብ ከፍለናል። ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ እያስለቀሰ ግብር የገባ መኳንንት ስለመኖሩ አልሰማንም። አስተዋዮች ነበሩ።

አንቀጽ 4፣ 5 እና 6

ታናሹ ልጃችን ውሃ ስላፈሰሰባቸው አይነበቡም።

አንቀጽ 7። ስለ ውሃ

ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ዲያኒ ከሚባለው ባሕር ዳር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ልጆቹ ከገፈርሳ ብርድ እንደወጡ ነበሩ፤ ሹራብ ከነጃኬቱ። እማወራዋ ሻንጣ ስትፈታ፣ እኛ የአየር ማቀዝቀዣውን ሪሞት ስንፈልግ፣ ታናሹ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፈተ። ወዲያው ጩኸቱን አቀለጠው።

«አባዬ! ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!»

ይህ ጩኸት ምን እንደሚያደርግ የገፈርሳ ሰው ያውቃል። ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ከጸሎት ያስነሣል፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠን ሰው በጓሮ ያስወጣል። የስምንት ዓመቷ ትልቋ ልጅ ልምዷን አልረሳችም። በአፍታ ውስጥ መታጠቢያ ገንዳው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ፣ የሻይ ማፍያው፣ የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫ ብርጭቆዎቹ፣ ፀጉር እንዳይረጥብ የሚደረገው ላስቲክ ቆብ ሳይቀር ጢም ብለው ሞሉ። መካከለኛው ለአሸዋ መጫወቻ የተገዛለትን ባልዲ ይዞ ወረፋውን ይጠብቃል። እኛም፣ ምን እንደብቃለን፣ «ክዳን ፈልጉለት፣ አቧራ እንዳይገባበት!» ብለን አዝዘናል። የት እንዳለን ትዝ ያለን ትእዛዙ ካፋችን ከወጣ በኋላ ነው።

በማግስቱ ክፍል የምታጸዳው ሴት ገባች። በውሃ የተሞላውን የቆሻሻ ቅርጫት አየች። የሻይ ማፍያውን ክዳን ከፍታ አየች። ቆቡን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብላ «ማጂ?» አለች። ማጂ በስዋሂሊ ውሃ ነው። «አዎ፣ ማጂ» አልናት። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችም፤ ከሁሉም ያስገረመን ይህ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ከትልቋ ጋር በእንግሊዝኛ ሲጨዋወቱ ነው ነገሩ የገባን። ሥራ የምትመጣው ከሞምባሳ ነው፤ ቤቷ በር ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አላት።

ስለዚህ የሚከተለው ተደንግጓል። አንድ የገፈርሳ ሕፃን የሆቴል ቧንቧ ሁልጊዜ ውሃ እንዳለው እስኪያምን ድረስ ለወላጅ አራት ቀን ይፈቀድለታል። በአምስተኛው ቀን ጉዞ ወደ ቤት ነው።

አንቀጽ 8። ስለ ተከፍሎበታል

የአዋጁ ልብ ይህ ነው። ጠዋት ሳይርበን የበላነው ተከፍሎበት ስለነበረ ነው። አራት ሰዓት ላይ አይስክሬም፣ አምስት ሰዓት ላይ ሳንድዊች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሙን የማናውቀው ሰማያዊ መጠጥ፤ ሁሉም ተከፍሎበታል። ቤት ውስጥ የመብራት ካርድ እንዳያልቅ በየክፍሉ እየዞርን የምናጠፋ ሰዎች እዚያ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍተን ብርድ ልብስ ደርበን ተኝተናል።

ችግሩ ልጅ ይህን ሕግ አይቀበልም። ገበታው ላይ ኦክቶፐስ አለ፣ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ አለ፣ ፒላው፣ ቻፓቲ፣ ሙሉ በግ። የስድስት ዓመቱ መካከለኛ ልጅ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ፕሮጀክት እንደሚጎበኝ ባለሥልጣን ከዳር እስከ ዳር ዞረውና ቺፕስ በካቻፕ አነሣ። ምሳም ቺፕስ፣ እራትም ቺፕስ። አምስት ቀን! ድንች እንደሆነ ከገፈርሳ ወዲያ ሆለታ መንገድ ላይ በጆንያ ይሸጣል።

«ልጄ፣ ዓሣውን ቅመስ እንጂ፤ ተከፍሎበታል እኮ።»

«ቺፕሱስ አልተከፈለበትም?»

ሕግ አውጪው መልስ አልነበረውም። ክፍተቱ በማሻሻያ አዋጅ ይደፈናል።

አንቀጽ 9። ስለ ጾም

ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። በክረምት ፍልሰታ አለች። ፍልሰታ ደግሞ ሌላውን ጾም የሚሸሽ ሁሉ ሳይቀር ከነልጁ የሚጾማት ናት። እኛ የተነሣነው ነሐሴ 4 ነው። ቲኬት ስንቆርጥ የቀን መቁጠሪያ ያየ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ያየነው ግን የፈረንጁን ነበር።

እማወራዋና ትልቋ ገና ከቤት ሳይወጡ ለመጾም ቆርጠዋል። ስለዚህ ሙሉ ዋጋ በተከፈለበት ገበታ ላይ ሁለት ሰው አምስት ቀን ሙሉ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ማንጎና ከቤት የተቋጠረ በሶ በላ። የወጥ ቤቱ አለቃ በነገሩ ተጨንቆ እስከ ጠረጴዛችን መጣና «አለርጂ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አይ» አለችው ትልቋ። «ማርያም ናት።»

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ማታ ለብቻ የተሠራ የምስር ሾርባ ላከልን፤ እግዜር ይስጠው።

እኛ አባወራው «መንገደኛ ይፈታለታል» የሚል ድንጋጌ ጠቅሰን ነበር። እማወራዋ ድንጋጌው በየትኛው መጽሐፍ እንደሚገኝ ጠየቀች። መጽሐፉ አልተገኘም። ይሁን እንጂ የተከፈለበት ሥጋ ሜዳ ላይ መቅረት ስለሌለበት፣ የሁለቱን ጿሚዎች ድርሻ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ወርሰነዋል። ይህ አንቀጽ ለንስሐ አባታችን እንዳይደርስ ይደረግ።

አንቀጽ 10። ስለ ሰዓት

በሩ ላይ «ቁርስ ከ7:00 እስከ 10:00» ይላል። በገፈርሳ ሰዓት ብናነበው ቁርስ ከምሳ በኋላ ነው ማለት ነው። ደግነቱ አስተናጋጁ ጣቱን ቀስሮ «ሳአ ሞጃ» አለን። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ጠዋትን ከአንድ ነው የሚቆጥረው! ሳአ ሞጃ አንድ ሰዓት ነው። ሰዓታችንን ያለ ማብራሪያ የሚረዳ ባዕድ ሰው ስናገኝ የመጀመሪያችን ስለነበረ ልናቅፈው ምንም አልቀረን። ለልጆቹ ግን ትርጉም የለውም፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተነሥተው ዋና ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል።

አንቀጽ 11። ስለ ጦጣ

ዲያኒ ላይ ጉሬዛ ከመኪና ተጠብቆ መንገድ የሚያቋርጥበት የገመድ ድልድይ ከአስፋልቱ በላይ ከዛፍ ዛፍ ተዘርግቶለታል። የአምቦን መንገድ ልጅ በእጁ ይዞ እየሮጠ ለሚሻገር ሰው ይህ ትንሽ ያስቀናል። ጉሬዛው ጨዋ ነው። ጦጣው ግን አምባር ሳያስር ምግብ ቤት ይገባል። በአንቀጽ 9 መሠረት የሁለት ሰው ድርሻ የወረስንበትን ሳህን አንዱ ዘሎ ወረሰን። ያለ ካሣ።

አንቀጽ 12። ስለ ልጅ ጥበቃ

ገፈርሳ ላይ ልጅ ጠዋት ከግቢ ይወጣል፣ ሲርበው ይመለሳል። በመካከሉ የት እንደነበረ እማማ ያውቃሉ፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ ኳስ የጠፋባቸው ልጆች ያውቃሉ። ከተጋባን አሥር ዓመታችን ነው፤ ሦስት ልጆቻችንን ከጠዋት እስከ ማታ ሁለታችን ብቻ ጠብቀናቸው እንደማናውቅ የገባን ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ነው። ቁጭ ማለታችን እንኳ ለአባባል ነው። ሦስት ልጅ በሦስት አቅጣጫ ወደ ውሃ ሲሮጥ ሁለት ወላጅ አይበቃም፤ ሂሳቡ ይኸው ነው። ያን ጥላ ያለውን የአሸዋ ላይ አልጋ የተጋደምንበት ፎቶ ለመነሣት ነው። ፎቶውን አይታችሁ «እንዴት ደስ ይላል» ያላችሁ ሁሉ፣ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ታናሹን ከሌሎች ሰዎች ጠረጴዛ ሥር እንዳወጣነው ይታወቅ።

የልጆች ክበብ የሚባል አለ፤ ተከፍሎበታል። ፊት ላይ ነብር የሚሥሉ፣ ጨዋታ የሚያጫውቱ ደግ ልጆች ያሉበት ነው። ታናሹ ነብሩ ሳያልቅ በአንድ ጉንጭ ብቻ ነብር ሆኖ ወጣ። «እማማ የሉም» አለ። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸውን እማማን ማለቱ ነበር።

ስለዚህ እማማ ፓስፖርት እንዲያወጡ ታዟል። እማማ በበኩላቸው «ባሕር ምን ሊያደርግልኝ፣ ግድቡ ይኸው አይደል?» ሲሉ ይግባኝ አስገብተዋል። ጉዳዩ በቡና ላይ እየታየ ነው።

አንቀጽ 13። ስለ ቅጣት

«ስንት ጨረሳችሁ?» ብሎ የጠየቀ ጎረቤት በአንድ ጀሪካን ውሃ ይቀጣል። ጀሪካኑ የሚገባው ለአባወራው ቤት ነው። «እዚያው ቢሾፍቱ አትሄዱም ነበር?» ያለ ደግሞ በሁለት ይቀጣል፤ እማወራዋ ቀድማ ስላለችው እኛ ሰምተነዋል።

አንቀጽ 14። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በባዶ ጀሪካን ከተደለቀበት ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ገፈርሳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባወራው (ፊርማ)

አይቼዋለሁ። አንቀጽ 9 ለንስሐ አባታችን ተነቧል። እማወራዋ (ፊርማ)

የቃለ ጉባኤ ማስታወሻ፦ ታናሹ አምባሩን እስካሁን አላስቆረጠም። ዛሬ ጠዋት የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ ጥቂት ጠበቀ። ሲያቅተው እጅጌውን ሰብስቦ አምባሩን ለቧንቧው አሳየው። ውሃ ከሄደ ከሐሙስ ጀምሮ ነው።