ዝናብ ያስከፈተው አዳራሽ

ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ከዳገቱ አናት ላይ የሚቀበለው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነው። የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው የዚህንም ንድፍ ያወጣው፤ በ1957 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔ የምወድለት ቢሮ ብቻ ሆኖ አለመታነጹን ነው። የቴአትር አዳራሽ አለው። ለጉዳዩ የመጣ ሰው ማታ ተመልካች ሆኖ ሊመለስበት ይችላል። ስንቱ ሙሽራ ፈርሞ የወጣው ከዚያ ነው! ወገን የሌለውን ሟች የሚቀብረውም ማዘጋጃ ቤት ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት አዋጅ ልደትና ጋብቻን መመዝገቡን ወደ ታችኛው እርከን አወረደው። ደግ ተደረገ፤ ለእግርም ይቀርባል። እኔም የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣ በሐምሌ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

"ሲስተም የለም" ተባልን። ጠበቅን። ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። መጠለያ የለም። አጠገባችን ሰፊ አዳራሽ ተቆልፎ ቆሟል፤ ቁልፉ ኃላፊዋ ዘንድ ነው፣ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው። መካከላችን አራስ ልጇን ያቀፈች እናት ነበረች። አንድ ሽማግሌ ወደ ጥበቃው ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ይህ ቤት ሲሠራ እኔም አዋጥቻለሁ፤ ለዚች አራስ ስትል አስከፍተው" አሉት። ልጁ "እሺ አባባ" ብሎ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ። ቁልፉንም ኃላፊዋንም ይዞ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ዛሬም የማስበው። በመስኮት ተራ በተራ ስንጠይቅ እያንዳንዳችን "ነገ ይምጡ" ተብለን የምንመለስ ነበርን። አዳራሹ ውስጥ ግን ወንበር ስበን ተቀመጥን፤ አንዷ ስለ ውኃ ፈረቃ ጠየቀች፣ ሌላው ጎርፍ ቤቱ ስለሚያስገባበት ቦይ ተናገረ። ኃላፊዋ ቆመው መለሱ፤ የማያውቁትንም አላውቀውም አሉ። አከበርኳቸው። መልሱን ሁላችንም አብረን ሰማነውና ማንም በኋላ እንዲህ አልተባለም ሊል አይችልም። ለዓመታት በአንድ መንገድ የምንተላለፍ ሰዎች የቦዩን ደለል አብረን ልናወጣ ተቀጣጠርን።

ሲስተሙ በዚያ ቀን አልመጣም፤ ወረቀቱም አልወጣ። የአዳራሹ ቁልፍ ከጥበቃው ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ወር በገባ ቁጥርም ነዋሪው እንዲሰበሰብበት የሚጠይቅ ማመልከቻ ግን እዚያው ጽፈን፣ ሁላችንም ፈርመንበት፣ መዝገብ ቤት አስገብተናል።