በአንድ እግር መቆም ድሮ ቅጣት ነበር

የዘንድሮ ልጅ በአንድ እግሩ እንዲቆም ገንዘብ ይከፈልለታል። እኛ በነፃ ነበር የምንቆመው። ያውም ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ ሁለት እጃችንን ወደ ላይ ሰቅለን፣ ክፍሉ በሙሉ እየሳቀብን። ጥፋታችን የሰባትን ብዜት አለማወቅ ነው። እግሩን ያወረደ አለንጋ ይቀምሳል። አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት መጥቼ ሳይ፣ የልጅ ልጄ ምንጣፍ አንጥፋ ያንኑ ቅጣት ወድዳ ትቀጣለች። «ምን አጥፍተሽ ነው የኔ እናት?» ብላት «አባባ፣ ዛፍ እኮ ነኝ» አለችኝ።

ነገሩ ዮጋ ነው። ትምህርት ቤት ጀምረውላቸዋል። «አባባ፣ ልጅ ሰውነቱን ማዘዝ ሲችል በራሱ ይተማመናል፤ ራሱንም ያከብራል» ትለኛለች ምራቴ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰውነቴን የሚያዘው አባቴ ነበር።

ዛፍ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ድመት ይሆናሉ፣ ላም ይሆናሉ፣ ቁልቁል የሚያይ ውሻ ይሆናሉ። ላም በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ልጆች! ጦረኛ የሚባልም አለ፤ ጋሻ የለ፣ ጦር የለ፣ እጅን ዘርግቶ መስኮት መስኮቱን ማየት ነው። ግንባርን መሬት አስነክቶ መንበርከክን ደግሞ እንደ አዲስ ነገር ያስተምሯቸዋል፤ እኛ ለስቅለት እስከ ማታ ያለ አስተማሪ የምንሰግደውን። መጨረሻ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ዝም ይላሉ። ሕንዶቹ ይህንን አተኛኘት የሚጠሩት በሬሳ ነው፤ ለልጆቹ አይነግሯቸውም እንጂ። በስመ አብ!

አሜሪካኖች በዚህ «ለራስ ያለ ግምት» በሚሉት ነገር መጨነቅ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል ምሁር አሥር ጥያቄ ያለው መለኪያ አወጣና የሰው ልጅ ራሱን ማክበሩ እንደ ስኳር በሽታ በቁጥር ይለካ ጀመር። በ1986 ካሊፎርኒያ ለዚሁ ጉዳይ ግብረ ኃይል አቋቋመች። ከዚያ ወዲህ ጫማውን ያሠረ ልጅ ሁሉ «አንበሳ!» ይባላል። በ2003 ግን ሮይ ባውማይስተር የሚባል ሌላ ምሁርና ባልደረቦቹ የተሠሩትን ጥናቶች አገላብጠው፣ ልጅን ራሱን እንዲያደንቅ ማድረግ ብቻውን የትምህርት ውጤቱን እንደማያሻሽል ጻፉ። ይህን ይዤ ምራቴ ላይ ዘመትኩ። «ለዚህ እኮ ነው አባባ!» አለች። «ዮጋው ላይ ዝም ብሎ የሚያሞግሳቸው የለም። ይሞክራሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። ባለፈው ያቃታቸውን ዛሬ ሲችሉት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።» ይህቺ ልጅ መልስ አታጣም።

አጋር ፍለጋ ወደ አላባማ ዞርኩ። የዚያ ግዛት የትምህርት ቦርድ በ1993 ዮጋን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አግዶ ነበር። ደግ አደረጉ ስል፣ በ2021 እነሱም ፈቀዱት፤ «ናማስቴ» የሚለው ሰላምታ ግን ክልክል ሆኖ ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትማ በ2014 ቀን ቆርጦለታል፤ ሰኔ ሚካኤል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 14 ይከበራል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

አንድ ቀን ልጅቷን ልወስድ ሄጄ ከኋላ ቁጭ ብዬ አየሁ። ኳስ ሲጫወቱ ማንም የማይመርጠው አንድ ወፍራም ልጅ አለ። ተንገዳገደ፣ ወደቀ፣ ሳቀ፣ ተነሳ። አስተማሪዋም ወደቀች። አስተማሪ ተማሪ ፊት ስትወድቅ! ሲጨርሱ «ማን አንደኛ ወጣ?» ብዬ ባስጠይቅ «ደረጃ የለም» ተባልኩ። ደረጃ የሌለው ምን ዓይነት ትምህርት ነው? በእኛ ጊዜ ካርድ የሚሰጠው ወላጅ ተሰብስቦ ነው፤ ከአንደኛ ጀምሮ ሲጠራ መጨረሻ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። 47ኛ የወጣ አብሮ አደጌ ዛሬ የሦስት ቤት ጌታ ነው፤ ሰፈር ሲመጣ ግን አሁንም «አርባ ሰባተኛው መጣ» ነው የሚባለው። ሲሰማ ጆሮው ይቀላል። በሽበቱ!

እሺ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለምራቴ እንዳትነግሩብኝ። የልጅ ልጄ አምና ቤተ ክርስቲያን ግጥም እንድታነብ ስትጠራ የእናቷ ነጠላ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ዘንድሮ ወጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በአፍንጫዋ አየር ሳበች፣ ቀስ ብላ አወጣች፣ ከዚያ አነበበች። መሀል ላይ ተሳሳተች፤ አላለቀሰችም፣ ከተሳሳተችበት ቀጠለች። ከዮጋው ነው ብዬ አልምልም። በልጆች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ልጅም ያድጋል፣ ዕድሜም ያስተምራል። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ክፋቱ አሁን ትምህርቱ ወደ እኔ ዞሯል። ስልክ ላይ ስጮህ «አባባ፣ አትጩህ፣ መጀመሪያ ተንፍስ» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ደግሞ እኔንና የምራቴን አባት ሳሎን አቁማ ዛፍ ሁኑ አለችን። ግድግዳ ይዘን ቆምን። እሱ ሦስት ሳይቆጠር እግሩን አወረደ፤ እኔ ጉልበቴ እየጮኸም ቢሆን ጸናሁ። «ስንተኛ ወጣሁ?» አልኳት።

«ሁለታችሁም ዛፍ ናችሁ» ብላኝ እርፍ!