የመብራት ምሰሶ ጥላ በታክሲ ሰልፍ ላይ ስላለው አገልግሎት

በአዲስ አበባ ቆዳን ከፀሐይ የመከላከል ዘዴ ሲጠና፣ ከቅባትም ከኮፍያም ቀድሞ የሚገኘው የመብራት ምሰሶ ነው። ምሰሶው የተተከለው ሽቦ እንዲሸከም ቢሆንም፣ በታክሲ ሰልፍ አጠገብ ከቆመ ሁለተኛ ሥራ ይደረብበታል፤ ተሳፋሪዎች ሁለት ስንዝር በማትሞላው ጥላው ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ እየተጠጋ ይደረደራሉና። ጥላዋ ግንባርንና አፍንጫን ትሸፍናለች፤ ጆሮ በሁለቱም ወገን እንደ ዕድሉ ይሆናል። ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ሰልፉም አብሯት ይዞራል። ዋናው ጉድለት የሚታየው በሚያዝያ ስድስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትወጣ ጥላዋ ምሰሶው እግር ሥር ትሰበሰባለች፤ ማለትም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በጣም በምትፈለግበት ሰዓት ምሳ ትወጣለች።

ተሳፋሪው የሚሸሸው በዋናነት ምችን ነው። ምች በልማዳዊው አስተሳሰብ ወጥ ስትሠራ የቆየች ወይም በልቶ ወዲያው የወጣ ሰው ፀሐይ ሲያገኘው የሚነሳ፣ ትኩሳትና የከንፈር ቁስል የሚያስከትል ሕመም ሲሆን፣ መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው። ሐኪሞች የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ኸርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው ይላሉ፤ ይሁንና ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ፀሐይ ልትቀሰቅሰው እንደምትችል እነሱም ስለሚያምኑ፣ እናቶች ከክርክሩ ግማሽ ነጥብ ይዘው ወጥተዋል።

ሁለተኛው ጠላት አልትራቫዮሌት የተባለው፣ በዓይን የማይታይና ሙቀቱ የማይሰማ ጨረር ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ የሚበረታ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ስለዚህ ነፋሱ ሹራብ እያስለበሰ ጨረሩ ቆዳ ይጠብሳል፤ ነዋሪው ግን የሚያምነው ሹራቡን ነው። ጥቁር ቆዳ ሜላኒን በተባለው ቀለም በከፊል መጠበቁ እውነት ነው፤ ከፊሉ እንደ ሙሉ መቆጠሩ ነው ስሕተቱ። ሰንስክሪን የሚባለው ቅባት በየሁለት ሰዓቱ መደገም ስላለበት፣ ከዋጋው ጋር ሲታይ ለዚህ ጥናት አይመችም።

ትክክለኛው መሣሪያ ጃንጥላ ነው። «ጃን» በጃንሆይና በጃንሜዳ ውስጥ ያለው፣ ንጉሣዊ ክብርን የሚያመለክተው ቃል ነው፤ «ጥላ» ደግሞ ያው ጥላ ነው፤ ዝናብ በስሙ ውስጥ የለም። ሆኖም በሐምሌ ያለ ሐፍረት የሚዘረጋው ወንድ በሚያዝያ ጃንጥላ መያዝ የሴት ወግ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ አናቱን በክላሰር ይከልላል። በክላሰሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ማስረጃ ስላለ፣ ዲግሪ ሥራ ላይ ከዋለባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ክላሰር ያልያዙ ተሳፋሪዎች ከሰባት ሰዓት በኋላ ከምሰሶው በስተምሥራቅ እንዲሰለፉ ይመከራሉ።