የነጭ ሳር ፍል ውሃና የሚያዝያ ዋልካ

ገረሴ ደጋ ነው፤ የጉጌ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ያን ዓመት የአክስቴን ጉልበት ቁርጥማት ጠናበት። ጎረቤታችን ሽማግሌ «ነጭ ሳር ፍል ውሃ ውሰዳት» አሉኝ። ወሩ ዝናባማው ሚያዝያ ቢሆንም ሕመሟ በጋ እስኪመጣ የሚታገሥ አልነበረም።

ከአርባ ምንጭ በኪራይ መኪና ቁልቁል ወርደን የነጭ ሳር ፓርክ ደን ውስጥ ገባን። ይህን ደን ያቆሙት ከገደሉ ግርጌ የሚፈልቁት ምንጮች ናቸው፤ ከተማዋ ስሟንም የመጠጥ ውሃዋንም ያገኘችው ከእነሱ ነው። ሾላው ሰማይ ይከድናል፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ማገዶ ተሸክመው የሚወጡ ሴቶች አጋጠሙን። አክስቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «አይዟችሁ እህቶቼ» አለቻቸው። እኔም እነሱን መውቀስ አልችልም፤ ሌላ ማገዶ ሳይቀርብላቸው «ደን አትንኩ» ማለት ግፍ ነው።

በሁለቱ ሐይቆች መካከል ባለው የእግዜር ድልድይ ላይ ስንደርስ አባያ በግራ ደፍርሶ፣ ጫሞ በቀኝ ጠርቶ ታየን። ከዚያ ወዲያ ሜዳው፣ የሜዳ አህያው፣ ዝናቡ። መኪናችን ዋልካ ውስጥ ሰመጠ። አከራዩ አካፋም ገመድም አልጫነልንም። ቅጠል ከጎማው ሥር ብንጎዘጉዝም ጎማው በዞረ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል። መሸ።

አብሮን የነበረው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ የአንዲት ወፍን ነገር ያወጋን ያን ሌሊት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አጥኚዎች በዚሁ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ፤ የተረፈው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። በዚያ ክንፍ ብቻ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ «ምስኪን» አለች።

ጠዋት ሌላ መኪና ጎትቶ አወጣን። ፍል ውሃው በፓርኩ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአማሮ ተራሮች ግርጌ ነው። በስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ የሰረገ ዝናብ በትኩስ አለት ግሎ ተመልሶ ይወጣል። አክስቴ እግሯን ነክራ ረጅም ሰዓት ተቀመጠች፤ ቁርጥማቱ ባይለቃትም ለቀናት ቀለል ብሏት ሰነበተ። ከበላያችን ልብስ በሳሙና ሊያጥቡ የተሰናዱ ወጣቶችን «ልጆቼ፣ ይሄ የበሽተኛ ውሃ ነው» ብላ ከለከለቻቸው፤ እነሱም ሰሟት።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ፤ በሁለት መኪና፣ ከስካውት ጋር፣ አካፋና ገመድ ጭናችሁ። ሳሙናችሁን ግን አርባ ምንጭ ተዉት።