ቤት ለማየት ወደ ጎንደር

የፋሲልን ግንብ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየነው በድሮው ሃምሳ ብር ጀርባ ላይ ነው። በፊቱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በጀርባው ግንቡ። «አንድ ቀን ሄደን እናየዋለን» እያልን ሃምሳውን እንመነዝረው ነበር። ውሎ አድሮ ሃምሳ ብር የሚገዛው ነገር አነሰ፤ ቀጥሎ ኖቱ ራሱ ተቀየረ፤ እኛ ገና አልተነሳንም። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጎንደርን ለማየት የሚነሳው ታሪክ ሲናፍቀው ሳይሆን ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣለት ነው።

የእኛም ከዚህ አልወጣም። የጋሼ ልጅ ከቨርጂኒያ ልጆቹን ይዞ መጣና «ታሪካቸውን ይወቁ» አለ። እዚሁ ተወልደን ያረጀነውም ታሪካችንን ለማወቅ ድንገት ቸኮልን፤ ወጪው በእሱ ነበርና። በአውሮፕላን ቢሆን አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው ያለ ሰው አልጠፋም። ጋሼ ግን የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ «አገር የሚታየው በመኪና ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሃይሩፍ ተከራየን። (መንገዱ ለእንዲህ ያለ ሽርሽር በሚመችበት ጊዜ የሆነ ነው። ዛሬ በዚያ መስመር ልጅ ጭኖ፣ ዘፈን ከፍቶ መንዳት ራሱ እንደ ታሪክ ሊተረክ ምንም አልቀረው።)

አገር በመኪና ሊያይ የተነሳው ቤተሰብ ሱሉልታን ሳያልፍ እንቅልፍ ጣለው። ያልተኙት እትዬ ብቻ ነበሩ፤ የጋሼ ታናሽ እህት። እሳቸውም የሚጠብቁት ከእግራቸው ሥር ያለውን ዘንቢል ነው፤ ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ፣ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ። በጎጃም በኩል ያለፈ ሰው የሚበላው አጥቶ ያውቃል? እትዬ ግን የሰው አገር ምግብ አያምኑም፤ የሰው አገር ደግሞ ለእሳቸው ከጫንጮ ይጀምራል።

ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ሁሉም ነቃ። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ፍሬን የያዘውን ሾፌር ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሰው ላብ በላብ ያደርጋል። ታች፣ ከአሮጌው ድልድይ ጎን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውና በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በገመዶቹ ተይዞ ቆሟል። ስልኮች ሲወጡ ሾፌሩ «እዚህ ፎቶ ክልክል ነው» አለ። ስልኮቹ ወደ ኪስ ተመለሱ። ሰዉ ሥራ ሲፈታ ቀና ብሎ ገደሉን፣ ወንዙን፣ ከላይ የተንጠለጠለውን መንገድ ማየት ጀመረ። በመላው ጉዞ በዓይናችን ያየነው እሱን ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከደጀን ወዲያ ያለው ጉብኝት ሳይሆን ገበያ ነው። እትዬ መስኮት ዝቅ እያስደረጉ የማይገዙትን ሁሉ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ድንች፣ ከሰል፣ በግ። ሾፌሩ «እማማ፣ ስንመለስ ይገዛል» ሲላቸው «ስንመለስ ቢወደድስ?» ይሉታል። ባሕር ዳር አድረን ፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሽንኩርትና አንድ ጆንያ ሩዝ ተጫነ፤ የቨርጂኒያዎቹ ልጆች እግራቸውን ጆንያው ላይ ሰቀሉ። ያ ሩዝ አብሮን ጎንደር ገብቶ፣ ከተማውን ዞሮ፣ በፎገራ በኩል ተመልሶ አዲስ አበባ ደርሷል። ከብዙዎቻችን የበለጠ አገር አይቷል።

እምፍራዝ አጠገብ ሾፌሩ ኮረብታ ላይ ያለ ፍራሽ ጠቆመን። የጉዛራ ግንብ ነው፤ አፄ ሠርፀ ድንግል ጎንደር ሳትቆረቆር በፊት ያሠሩት፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ። የጎንደር ግንቦች ከሰማይ ዱብ እንዳላሉ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መውጣት ያለበት እዚያ ነበር። ማንም አልወረደም። ሃምሳ ብሩ ላይ የለማ!

ጎንደር በገባን በነጋታው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳለምን። መጀመሪያ ያሠሩት አፄ ኢያሱ ናቸው። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ደብር ንብ ወጥቶ አዳነው ይባላል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ያላንጋጠጠ የለም፤ ያላንጋጠጠ ብቻ ሳይሆን ያልቆጠረም የለም። የእኛ ሰዎች ሲቆጥሩ የየራሳቸውን ቁጥር አመጡና ውጪ ጫማ እያሰሩ ተጨቃጨቁ። ሥዕሉ ምን ይመስል ነበር ቢባል ግን አንገታቸውን ከማሸት በቀር መልስ አልነበራቸውም። ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ ሄድን። የቨርጂኒያዎቹ ዋና ልብስ ለብሰው መጥተዋል፤ ገንዳው ደርቋል። ውሃው ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የሚገባው ለጥምቀት መሆኑን አባታቸው ዘንግቶታል።

ከመዋኛው ወደ ግንቡ ግቢ ስንዞር ቲኬት መሸጫው ላይ ያየሁትን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ለአገሬው አንድ ዋጋ፣ ለውጭ ዜጋ ሌላ ዋጋ አለ። የጋሼ ልጅ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያማርር የመጣ ሰው ነው፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን «እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ» ብሎ እጅ ነሣ። ቢጫ ካርዱን ከቦርሳው እስኪያገኝ ድረስ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ጠየቀ። ከኋላው ትንሿ ልጁ ሽንት ቤት የት እንደሆነ በቨርጂኒያ እንግሊዝኛ ባትጮህ ኖሮ ካርዱንም የሚጠይቀው አልነበረም። በሩን አልፎ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ወደ እንግሊዝኛው ተመለሰ።

አስጎብኚያችን ትዕግሥተኛ ወጣት ነው። ዘመኑን ሁሉ ለቨርጂኒያዎቹ ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ነገረን፤ እኔም እንዳለ ጻፍኩት። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ግቢው 900 ሜትር በሚሆን የድንጋይ አጥር ተከቧል። ጋሼ እዚህ ላይ ስልካቸውን አወጡ። «900 ለአራት ሲካፈል 225። 225 በ225... ሃምሳ ሺህ ካሬ!» አጥሩ አራት ማዕዘን አለመሆኑ አላሳሰባቸውም። «ይህ ቦሌ ቢሆን...» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት፤ ሁላችንም በየልባችን ጨረስነው።

የእህቴ ባል «መቼም የፖርቹጋሎች ሥራ ነው» አለ። በየቤተሰቡ ይህን የሚል አንድ ሰው ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አማች ነው። አስጎብኚው አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ካገር ያባረሩ ንጉሥ መሆናቸውን፣ በግንቦቹ ላይ የሕንድና የዓረብ ስልት እንደሚታይ፣ ሚስዮናውያኑ ያመጡት የባሮክ ስልትም እንደተጨመረበት ቀስ አድርጎ አስረዳ። አማቻችን ከዚህ ሁሉ «ሚስዮናውያኑ» የምትለዋን ብቻ መርጦ «አላልኩም?» አለ።

የቤተሰቡን ወጣቶች አልቆጥራቸውም፤ እነሱ ግንቡን ያዩት ጀርባቸውን ሰጥተው በስልክ መስታወት ነው። የእኔ ትዝብት በትልልቆቹ ላይ ነው። ከአራት ምዕተ ዓመት ጥቂት የጎደለውን ቤተ መንግሥት ያዩት ደላላ አምጥቶ እንዳሳያቸው የሚከራይ ቤት ነው። እትዬ ኩሽናውን ጠየቁ። ደረጃውን ሁለት ወጥተው «ይኼ ለጉልበት አይሆንም» አሉ። ወሸባውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን ሲያዩ ብቻ ፊታቸው ፈታ አለ። የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ አስጎብኚው በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደነበር የሚነገርለትን ሕንፃ፣ በ1704 የምድር መንቀጥቀጥ፣ በኋላም ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ እንደጎዳው ተናገረ። እትዬ ባዶውን ሰማይ ቀና ብለው አይተው «ታዲያ ጣሪያውን የሚያሠራው አከራዩ ነው ተከራዩ?» አሉ። ሊያስቁ ብለው አይደለም፤ ከልባቸው ነው። የአንዱን ግድግዳ ጥገና ሲመረምሩ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ እንደጠገኑት ተነገራቸውና «ያስታውቃል፤ ኖራ ነበር የሚሻለው» አሉ። በዚህኛው እንኳ ከብዙ ባለሙያ ጋር ይስማማሉ።

ነገሩ የተበላሸው አስጎብኚው መሐል ሜዳው ላይ አቁሞን የማን ሕንፃ የማን እንደሆነ በጣቱ ሲያሳየን ነው። ያኛው የአፄ ፋሲል። ልጃቸው ጻድቁ ዮሐንስ የራሳቸውን ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። የልጅ ልጃቸው ኢያሱም የራሳቸውን ቤተ መንግሥት አቆሙ። የኢያሱ ልጅ ዳዊት ለዘፈን አዳራሽ ሠሩ፤ ሌላው ልጃቸው በካፋ ደግሞ ለግብር አዳራሽ። የበካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ሲሞቱ በልጃቸው ስም አገር እያስተዳደሩ የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ፤ ያም አልበቃ ብሏቸው ከከተማ ወጣ ብለው ቁስቋም ላይ ሌላ ሠሩ። «እንግዲህ እንደምታዩት» አለ ልጁ በፈገግታ፣ «ማንም አባቱ ቤት መኖር አልፈለገም።»

ጸጥ አልን። ልጁ ከየት ይወቅ! አያታችን ጉለሌ ትተውልን ያለፉት ግቢ አለ። ጋሼ ዋናው ቤት ይኖራሉ። እትዬ ሰርቪሱን አድሰው፣ በረንዳ አስረዝመው ገቡ። ታናሹ አጎቴ ከኋላ ባለ አንድ ፎቅ ጀምሮ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ አለ። የቨርጂኒያው ለዋናው ቤት ቆርቆሮ ገንዘብ ልኳል፤ ስለዚህ እሱም ድርሻ አለኝ ይላል። ባለፈው ክረምት ታናሹ አጎቴ አጥሩን ቀዶ በጎን በኩል የራሱን በር ከፈተ። በዚህ የተነሳ ጋሼና እሱ ወረዳ ደርሰዋል፤ አሁንም በአንድ መኪና የሚጓዙት ፊትና ኋላ ተቀምጠው ነው።

አስጎብኚው ይህን ሳያውቅ በሮቹን መዘርዘር ቀጠለ። ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፣ ባልደራስ በር፣ እርግብ በር... ዳኛው በዚህ ይገባል፣ ሙዚቀኛው በዚያ። በጠቅላላው አሥራ ሁለት። ታናሹ አጎቴ ቁጥሩን ሲሰማ ወደ ሰማይ አይቶ አመሰገነ። ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ልጁ ወደ ነገሥታቱ ተመለሰ። ኢያሱ በ1706 የተገደሉት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ከያዙባቸው በኋላ መሆኑን ነገረን። ተክለ ሃይማኖትም ከአባታቸው ሞት በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተገደሉ። ለዘፈን አዳራሽ የሠሩት ዳዊት ደግሞ በመርዝ ሞቱ ይባላል። የዋና ልብስ የለበሱት ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮአቸው አዳመጡ። እትዬ አማተቡና ወንድሞቻቸውን አንድ በአንድ አይተው «እኛ ተመስገን ነው፤ በፍርድ ቤት ነው የያዝነው» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ታሪኩን የተረዳነው ከዚህ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግንብ ነበር፤ አሁን ቤት ሆነ። ሁሉም ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፤ የትኛው ቀድሞ ተሠራ፣ የትኛው የማንን ፀሐይ ከለለ፣ ምንትዋብ አጥሩን ሲያልፉ ማን ፈቀደላቸው። የቨርጂኒያው እንኳ አማርኛውን መልሶ አመጣ፤ «ለቆርቆሮ ያዋጣ ሰው በሕግ ምን ይባላል?» አለ። አስጎብኚው ይህ ከሥልጠናው ውጪ ስለሆነ ዝም አለ።

በመጨረሻ ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠየቁ። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ግንብ... ካርታው በማን ስም ነው?»

«የዓለም ቅርስ ነው ጋሼ፤ ዩኔስኮ በ1979 መዝግቦታል። የሁላችንም ነው።»

«ይኸው!» አሉ ጋሼ፣ ወደ ታናሽ ወንድማቸው ሳይዞሩ ግን ለእሱ እንዲሰማ። «የሁላችንም የሆነ ቤት ጣሪያ የሚያለብሰው ያጣል።»

ታናሹ አጎቴ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር እያየ ነበር። «አሥራ ሁለት በር ግን ተፈቅዷል» አለ።