የአባ ፍም ደረት

ተረት ተረት! የመሠረት።

በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ውርጭ የሚያድርበት ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ድሮ የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑ ባላገሮች ሣሩን በቄሮ ሥርዐት ለዓመታት ዘግተው ሲያስጠብቁ፣ ጠባቂ አለቃውን የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። የጓሳ ጭላዶች ግን አለቃቸውን የሚያውቁት በደረቱ ነው። አውራ የሆነ ወንድ ደረቱ ይቀላል፤ አውራነቱ ሲያበቃ ይገረጣል። ለሰው መሪዎችም እንዲህ ያለ ምልክት ቢሰጥ ኖሮ ስንት ሐኪም ከመዋሸት በዳነ!

አባ ፍም የሚባል አውራ ነበረ፤ በጉልምስናው ነብር ፊት ቆሞ ያገሣ። አንድ ክረምት ግን ከገደሉ ሲወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ። በሚቀጥለው ክረምት ደረቱ ገረጣ። ይህን ቀድሞ ያየው ጠጉሩን የሚያበጥርለት አጋፋሪው ነው። አጋፋሪው ለማንም አልተነፈሰም። ከገደሉ አፋፍ ቀይ አፈር ቆፍሮ፣ በምራቁ ለውሶ የጌታውን ደረት ቀባ።

«ብርድ እንዳይመታዎ ነው፣ ጌታዬ።»

ከዚያ ወዲህ «አባ ፍም ጸሎት ላይ ናቸው፤ ጉሙ ሳይገለጥ አይታዩም» ተባለ። ትእዛዙ ሁሉ በአጋፋሪው አፍ ይወጣ ጀመር። ለምለሙ ሣር ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ አጋፋሪው ዘመዶች ዞረ። ቀይ ቀበሮው በመንጋው መካከል እየተንጎራደደ አይጡን ያድናል፤ ሁሉን ያያል፣ ምንም አይናገርም። አይጡ እስካልጎደለበት ድረስ ማንም ቢገዛ ግድ የለውም። የሩቅ ወዳጅ እንዲህ ነው።

ዝም ያላለው ቁራው ነበር።

«ይህን ቀለም የማውቀው ይመስለኛል» አለ። «አያቶቼ አዲስ አበባ ግቢ ዛፍ ላይ ያድሩ ነበር። አንጎለላ የተወለዱት አጤ ምኒልክ ታመው በ1901 ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። አልጋው ግን ባዶም ሙሉም ሳይሆን ቀረ። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ተገፉ፣ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903 ሞቱ። ንጉሡ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉም ለሕዝቡ አልተነገረም።»

«እዚያም አፈር የሚቀባ ነበር?» አለ አጋፋሪው ደንገጥ ብሎ።

«ሰው አፈር አይቀባም፤ ‹ደኅና ናቸው› ይላል እንጂ።»

አንድ ምሽት በጉሙ ውስጥ ውሾች መጡ። በዚህ መንጋ ልማድ «ወደ ገደሉ!» የሚለውን ድምፅ የሚያሰማው አውራው ብቻ ነው። አባ ፍም ግን አላያቸውም። አጋፋሪው አይቷል፤ እሱ ቢጮኽ ነገሩ ሊገለጥ ነው። በዚያ መካከል ውሾቹ አንድ ግልገል ወሰዱ።

ሌሊት እማማ ጦስኝ አጋፋሪውን ገፍተው አልፈው ከአባ ፍም ፊት ተቀመጡ። የተወሰደው የልጅ ልጃቸው ነው።

«ያውቁ ነበር?» አሉት።

«አፈሩ ሲደርቅ ያሳክካል፤ እንዴት አላውቅ?» አለ አባ ፍም። «ግን ወርጄ የት ልቀመጥ?»

ቁራው ከላይ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «በሰዎቹ አገር ቢሆን ጥያቄው ከባድ ነው። ኃይለ ሥላሴን በ82 ዓመታቸው፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት አወጧቸው። ዓመት ሳይሞላ በእስር እያሉ ሞቱ። ይህን ያየ ማን ይወርዳል? ከዙፋኑ በታች ወንበር አልሠሩማ! ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኃይለማርያም ደሳለኝ ግን በ2010 ደረቱ ሳይገረጣ ‹ልልቀቅ› ብሎ ወረደ፤ በሰላምም ተቀመጠ። እስከ ዛሬ የሚወራው ብርቅ ስለሆነ ነው።»

«እኛ ሰው አይደለንም» አሉ እማማ ጦስኝ። «የወረደ አውራ ከልጆቹ አይለይም። አባትዎ ሲወርዱ የት ተቀመጡ? እርስዎን በጀርባቸው አዝለው ከዚሁ ከሣሩ ላይ አልነበረም? አለቅነቱ ቀረባቸው እንጂ ቤታቸው አልቀረባቸውም። እኔ የምቆጣዎ ስላረጁ አይደለም፤ ማርጀትዎን ስለሸሸጉን ነው።»

አባ ፍም ብዙ ዝም አለ። አጋፋሪው ሊናገር ሲል ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በራሱ የሰጠው ትእዛዝ ይህ ነው።

ሲነጋ ዝናብ ወረደ። አጋፋሪው አፈሩን ይዞ ቢመጣ አባ ፍም ሜዳው መካከል ደረቱን ለዝናቡ ሰጥቶ ተቀምጧል። ቀዩ ጭቃ በሆዱ ላይ ወረደ። መንጋው ሁሉ አየ። አንድ ጎረምሳ ወደ ፊት ወጣ፤ እንስቶቹ ጥቂት አመነቱና ተከተሉት። አባ ፍም ከእማማ ጦስኝ የልጅ ልጆች አጠገብ ሄዶ ሣር መንጨት ጀመረ። ሕፃናቱ ጀርባው ላይ ወጡ። ያለቀሰው አጋፋሪው ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ ቀትር ብቻ።

ከቀትር በኋላ አፈሩን በምራቁ ለውሶ ወደ አዲሱ አውራ ቀረበ።

«የእኔ ደረት እኮ ቀይ ነው» አለ ጎረምሳው።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለ አጋፋሪው። «ከአሁኑ ይለመድ ብዬ ነው።»