የኤክስ ጠባይና አፈላለጉ በ9ኛ ክፍል

ኤክስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚገኝ፣ ዋጋው ያልታወቀ ፊደል ነው። በታችኛዎቹ ክፍሎችም ብቅ ይላል፤ ተደላድሎ የሚቀመጠው ግን 9ኛ ክፍል ነው። ዋጋው ለመምህሩ እንግዳ አይደለም፤ በመምህሩ መምሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህም ሆኖ ፍለጋው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

አልኽዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የአልጀብራን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ኤክስን አያውቀውም ነበር፤ ሒሳቡን በሙሉ በቃላት ነው የጻፈው። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ውርስ አከፋፈል ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ስሌቱ ያልገባው ሰው የሚያጣው ማርክ ሳይሆን መሬት ነበር። የእኩል ምልክትን ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 አወጣ፤ ምክንያቱም ‹‹እኩል ነው›› እያለ መደጋገሙ ታክቶት ነው። ፈረንሳዊው ዴካርት በ1637 ላልታወቁ ነገሮች የመጨረሻዎቹን የላቲን ፊደላት መደበ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጣጣ የ9ኛ ክፍል ነው።

የኤክስ ዋነኛ ጠባይ ብቻውን መሆን መፈለጉ ነው። ሰሌዳው ላይ 3ኤክስ + 7 = 22 ተብሎ ሲጻፍ፣ የክፍሉ ሥራ አጠገቡ ያለውን ሁሉ እየለቀሙ ማስወጣት ይሆናል። መምህሩ በጠመኔው 7ን ነካ አድርጎ ‹‹ይሄ ወዲያ ሲሻገር ምን ይሆናል?›› ይላል። ‹‹ማይነስ!›› ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። የተሻገረ ቁጥር ለምን ምልክቱን እንደሚቀይር የሚጠይቅ የለም። በእርግጥ የተሻገረ ነገር የለም፤ ከግራም ከቀኝም እኩል 7 ተቀንሷል። ይህንን መምህሩ መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ተናግሮታል፤ ያን ሰሞን ግን የክፍል ድልድሉ ገና አላለቀም ነበር። ቀጥሎ 15 ለ3 ይካፈልና ኤክስ 5 ሆኖ ይገኛል። ‹‹ገባችሁ?›› ‹‹አዎ ቲቸር!›› ይህ ምልልስ ከመግባት ጋር ዝምድና እንዳለው እስካሁን አልተረጋገጠም።

በማግስቱ ያው ኤክስ 8 ሆኖ ይመጣል። ከኋላ ወንበር ‹‹ትናንት 5 ነው ተብሎ አልነበር?›› የሚል አቤቱታ ይሰማል። ክፍሉ ይስቃል። አቤቱታው ግን ከሳቁ የተሻለ መልስ ይገባው ነበር።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አማርኛ በሚነገርባቸው ከተሞች ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ በአማርኛ ይብራራል፣ በእንግሊዝኛ ይወደቃል። ይህ በተለይ ‹‹ዎርድ ፕሮብሌም›› በሚባለው ላይ ይጎላል። በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ውስጥ አንድ አባትና አንድ ልጅ አሉ። የአባትየው ዕድሜ የልጁ 4 እጥፍ ነው፤ ከ6 ዓመት በኋላ 3 እጥፍ ይሆናል። በአገራችን አባቶች ዘንድ ዕድሜ የሚቆጠረው በድርቅና በመንግሥት ለውጥ ነው፤ የአልጀብራው አባት ግን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳያውቅ የልጁ ስንት እጥፍ እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። አባትየውን መጠየቅ አይፈቀድም።

ትክክለኛው መልስ ልጁ 12፣ አባቱ 48 ነው። የልጁን ዕድሜ ኤክስ ብሎ እኩልታውን ከጻፈ በኋላ 3ኤክስን ሲያሻግር ምልክቱን መቀየር የረሳ ተማሪ ግን 7ኤክስ = 12 ላይ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ልጁ ገና 2 ዓመት አልሞላውም፤ አባቱም 7 ዓመት አልደፈነም። ተማሪው መልሱን በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ደብተሩን ያስረክባል። ለዚህ ቤተሰብ የሚጨነቅ አይገኝም፤ አራሚው በቀይ ‹ኤክስ› ያደርግበትና ያልፋል።

በብሔራዊ ፈተና ላይ ጥያቄው ከነምርጫው ስለሚቀርብ የተለየ የአፈላለግ ዘዴ በቅሏል። ተማሪው ማሻገሩን ትቶ ምርጫዎቹን ተራ በተራ በኤክስ ቦታ ይከታል፤ ግራና ቀኙ እኩል የሚሆንለትን ያጠቁራል። መምህራን ዘዴውን በስንፍና ይመድቡታል። ይሁን እንጂ የእኩልታ መልስ ማለት ይኸው ነው፤ በኤክስ ቦታ ሲገባ ሁለቱን ወገን እኩል የሚያደርግ ቁጥር። ዓመቱን ሙሉ ‹‹ማይነስ!›› ሲል የከረመው ጎበዝ ያልደረሰበትን፣ ሰነፉ የፈተናው ዕለት ሰዓት ሲጣበብበት ደርሶበታል። የዘዴው ጉድለት ጊዜ መፍጀቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ከምርጫ ‹ሲ› ይጀምራሉ።